መኪናህን ማን ይጠብልህ? ከሦስተኛ ፎቅ የተወረወረችው ቁልፍ ጉዳይ

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ፍቅርም ስለ ትዳርም አይደለም፤ ስለ ጭቃ ነው። «ደግሞ ስለ ጭቃ ምን ይወራል?» የምትሉ ካላችሁ ኢሉባቦር ደርሳችሁ አታውቁም ማለት ነው። እዚያ አገር ዝናቡ አንዴ ከገባ እንደ ዘመድ እንግዳ ነው፤ «ልሂድ» ማለት አያውቅም። ጎሬ በአገራችን ብዙ ዝናብ ከሚወርድባቸው ከተሞች አንዷ ስትሆን በዓመት 2000 ሚሊ ሜትር ገደማ ታገኛለች። አዲስ አበባ «ጎርፍ ወሰደን፣ አለቅን» እያለች የምትጮኸው በ1200 ሚሊ ሜትር ገደማ እኮ ነው! መቱም ያው የጎሬ ጎረቤት ናት። አፈሩ ደግሞ ቀይ ነው። ከጫማ አይለቅ፣ ከሱሪ አይለቅ፤ ከመኪና ፓራፋንጎ ስር ገብቶ ከደረቀማ በመዶሻም አይወጣ።

መቱ ለሚኖር ሰው ይሄ ችግር አይደለም። ግቢ አለው፣ ባልዲ አለው፣ የታናሽ ወንድም አለው። ችግሩ የሚመጣው ያንን ጭቃ ተሸክሞ አዲስ አበባ ለሚገባው፣ ፎቅ ላይ ለሚኖረው ነው። ቤቱ ላይ ነው፣ መኪናው ታች ነች፤ በመሀል ያለው ደረጃ ብቻ ነው። ግቢው የሁሉም፣ ቧንቧው የሁሉም፣ ዓይኑም የሁሉም። እንግዲህ ማን ይጠብለት?

ባለታሪካችን የዳሪሙ ልጅ ነው። «ስሜን ብቻ እንዳታነሱ፣ እናቴ ከሰማች ትታመማለች» ስላለን አናነሳውም። ዳሪሙን ለማታውቁ፣ በኢሉባቦር ዞን ያለች ወረዳ ናት፤ ዋና ከተማዋ ዱፓ ትባላለች። ልጁ ትምህርቱን ጨርሶ አዲስ አበባ አንድ የግል ድርጅት ውስጥ ተቀጠረ። ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ስቱዲዮ ተከራየ። ከስንት ዓመት በኋላ ግማሹን በዕቁብ፣ ግማሹን በብድር አድርጎ አንዲት ያገለገለች ቪትዝ ገዛ። የመጀመሪያ መኪና እንደ መጀመሪያ ፍቅር ነው፤ ሌሊት እየተነሳ በመስኮት ያያት ነበር አሉ።

መስቀል ደረሰ። አገር ቤት መኪና ይዞ መግባትን የመሰለ ነገር የለምና በጅማ በበደሌ አድርጎ ወረደ። እስከ መቱ ብቻ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ወደ ዳሪሙ። ዝናቡ ገና አልወጣም ነበር። እናት ደስታቸውን የሚያደርጉበት አጥተው ማሩን፣ ለቤት የሚሆን ቡናውን ኮፈን ውስጥ ሁሉ ሊጭኑለት ምንም አልቀራቸው። ዓርብ ማታ አዲስ አበባ ሲገባ ነጯ ቪትዝ ቀይ ሆናለች። ታርጋዋ አይነበብም።

ቅዳሜ ጧት 1 ሰዓት ላይ ከታች ድምፅ ተሰማ። «ጋሼ! ጋሼ! ልጠባት?»

የጊቢው መኪና አጣቢ ልጅ ነው። ዕድሜው 17 ቢሆን ነው። እሱም ከወደ መቱ የመጣ ስለሆነ ከባለታሪካችን ጋር በኦሮምኛ ይጨዋወታሉ፤ እንደ ታናሽ ወንድሙ ነው የሚያየው። ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ነድቶ የደከመ ሰው ደረጃ አይወርድም። በረንዳ ላይ በቁምጣ ብቅ አለና ቁልፉን ከሦስተኛ ፎቅ ወረወረለት። «ከስር ከስሯ አጥራት እሺ! ማሩን ደግሞ እንዳትነካ!» ተሳሳቁ። ተመልሶ ተኛ።

ቪትዟ የቆመችው ከብሎኩ ጎን ነው፤ ቧንቧው ያለው ከኋላ። ወደዚያ መውሰድ ያስፈልጋል። ልጁ መንጃ ፈቃድ የለውም። «ወደፊትና ወደኋላ» ማድረግ ግን ይችላል፤ እንደ ብዙዎቹ የሥራ ባልደረቦቹ የለመደው በማኑዋል ነው። ይቺ ደግሞ አውቶማቲክ ነች። ወደኋላ ያስገባሁ ብሎ ወደፊት አስገባ። መኪናዋ ስትሄድበት ደነገጠ። ፍሬን ብሎ የረገጠው ነዳጅ ነበር።

ከብሎኩ ጥግ ጎመንና ሽንኩርት ዘርግተው የሚቀመጡ አንዲት እናት አሉ። ሰፈሩ ሁሉ «እማማ» ነው የሚላቸው። ጎመኑ፣ ሽንኩርቱ፣ ጃንጥላው… እማማ ከቁርጭምጭሚታቸው ላይ ተሰበሩ። እግዜር ሲያተርፍ ነው እንጂ ከዚያ ግድግዳ ጋር ቢያጣብቃቸው ኖሮ ይሄን ጽሑፍ የምንጽፈው በሌላ ገጽ ላይ ነበር።

«እኔ እኮ አልነዳሁም!»

ልጁ ቁልፉን እዚያው ላይ ጥሎ ጠፋ። ባለታሪካችን በቁምጣው ወረደ። እማማን ይዘው ሐኪም ቤት ሄዱ። ፖሊስ መጣ። «መኪናው የማን ነው?» «የኔ።» «ማን ነዳው?» «የሚያጥበው ልጅ።» «ቁልፉን ማን ሰጠው?» ዝም።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። መኪና ያላችሁም፣ ነገ ልትገዙ ያሰባችሁም፣ የጓደኛችሁን የምትዋሱም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2081 የሚለውን በቀላሉ ስናስቀምጠው እንዲህ ነው፦ የመኪና ባለቤት መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ የነዳው ሰው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ቢሆን እንኳ! አንዱ ማምለጫ፣ ጉዳቱ በደረሰ ጊዜ መኪናው ተሰርቆበት እንደነበረ ማስረዳት ነው። እንግዲህ በፈገግታ ከፎቅ ላይ ቁልፍ ወርውሮ «ተሰረቅሁ» የሚል ማን ነው?

«ኢንሹራንስ አለኝ» የምትሉም አትቸኩሉ። የኢንሹራንስ ውል ሲፈርሙ የሚያነብ ሰው ብዙ አላየሁም፤ እኔም ያነበብኩት ይሄን ጉድ ከሰማሁ በኋላ ነው። በተለመደው ውል ውስጥ መንጃ ፈቃድ የሌለው ሰው ሲነዳ ለሚደርሰው ጉዳት ድርጅቱ እንደማይከፍል የሚናገር ቦታ አለ። ደቃቅ ፊደል ነው። ከመሳቢያ አውጡትና ዛሬውኑ አንብቡት።

ስለዚህ መኪና አጣቢ ስንመርጥ የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ሳሙናው ወይም ስለ ዋጋው አይደለም። «መኪናውን ከቦታ ቦታ የሚያንቀሳቅሰው ማን ነው?» የሚለው ነው። ቪላ ቤት የሚኖር ሰው መኪናው ቆማ ትታጠባለች፤ ቁልፍ አይሰጥም። ፎቅ ላይ የምንኖር ሰዎች ግን መኪናውን ወደ ውሃው መውሰድ አለብን፤ ስንፍናችን ደግሞ ደረጃው ላይ ነው የሚጀምረው።

ወዴት እንውሰዳት?

ብዙ ሰው የሚጀምረው ከራሱ ግቢ ነው። ቅርብ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ልጆቹ ይታወቃሉ። ግን የኮንዶሚኒየም ግቢ የማንም አይደለም፣ የሁሉም ነው። ይሄ ተረት አይደለም፤ የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ከወጣ ጀምሮ ግቢው፣ ደረጃው፣ የጋራ ቧንቧው የባለቤቶቹ ሁሉ የጋራ ሀብት ነው፤ የሚያስተዳድረውም ማኅበራቸው ነው። ውሃው በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር አራተኛ ፎቅ ላይ ያለች አራስ በጀሪካን እያስቀዳች፣ እናንተ ታች በጎማ ውሃ እያርከፈከፋችሁ «የኔ ኮሮላ እንዴት አማረባት!» ብትሉ ምን እንደሚደርስባችሁ መገመት ነው። አንድ የውሃ ጎማ በደቂቃ ከ10 እስከ 20 ሊትር ይለቃል። ሩብ ሰዓት ክፍት ከተተወ ስንት ጀሪካን እንደሆነ እናንተው አስሉት። በባልዲ ግን ጠንቃቃ አጣቢ አንዲት አውቶሞቢል በሁለት፣ ቢበዛ በሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ያጸዳታል።

የኔው ብሎክ ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም «በግቢው ውስጥ መኪና ማጠብ ክልክል ነው!!!» የሚል ተጽፏል። ሦስት ቃለ አጋኖ አለው። አንድ ሌሊት ለጉዞ 11 ሰዓት ላይ ስወርድ ከኮሚቴው አባላት አንዱ በባትሪ ብርሃን መኪናውን ሲያጥብ አገኘሁት። ተያየን። «ልጄ፣ አቧራዋን ብቻ ነው» አለኝ። እኔም ምንም እንዳላየሁ ሆኜ ሄድኩ። ጎረቤት ነን፤ ምን ይደረግ!

ግቢው ውስጥ ማኅበሩ ከፈቀደ፣ ውሃው በባልዲ ከሆነ፣ መኪናዋም ከቆመችበት ሳትነቃነቅ የምትታጠብ ከሆነ ከዚህ የተሻለ የለም። ልጁ ወደ መኪናው ይመጣል እንጂ መኪናው ወደ ልጁ አይሄድም። ለመኪናዋ ውስጥ በሩን እናንተ ክፈቱለት፤ ቁልፉ ኪሳችሁ ውስጥ ይቆይ።

ቀጥሎ መንገድ ዳር ተደራጅተው የሚሠሩ ወጣቶች አሉ። ባነር አላቸው፣ በርሜል አላቸው፣ ሙዚቃ አላቸው። ስለ እነሱ ክፉ መናገር የሚቀናው ሰው ብዙ ነው፤ እኔ ግን ከትልልቆቹ ይልቅ ጥንቁቅ የሆኑ አግኝቻለሁ። ደንበኛ ከጠፋባቸው የሚሄዱበት የላቸውምና የናንተን መኪና ስም አውጥተው ነው የሚያውቋት። ጉዳቱ፣ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ስለሆነ አውቶቡስ ባለፈ ቁጥር አቧራው ይመለስባችኋል። በጠራራ ፀሐይ ከሆነ ደግሞ ሳሙናው ሳይለቀለቅ ቀለሙ ላይ ይደርቃል፤ ነጠብጣብ ይተዋል። ጥላ ያለበትን ምረጡ፤ አለዚያ ጧት ሂዱ።

ከዚያ ደግሞ ነዳጅ ማደያ ውስጥና በየሰፈሩ ያለው ላቫጆ ነው። ቃሉን ከጣሊያን ነው የወረስነው፤ እንደ ጎሚስታ፣ እንደ ፍሬቻ። እዚያ ማንሻ አለ፣ በግፊት የሚረጭ ውሃ አለ፣ ግራሶ አለ። ከክፍለ ሀገር ለተመለሰ መኪና ያለጥርጥር ወደዚህ ነው መሄድ ያለባችሁ። የኢሉባቦርን ጭቃ ከቻሲ ስር በባልዲ አወጣለሁ ማለት ባሕርን በጭልፋ መጨለፍ ነው። ጭቃው እዚያ ከቆየ ደግሞ እርጥበቱን ይዞ ብረቱን ቀስ በቀስ ይበላዋል። ላዩን አሳምሮ ስሩን መተው የሐበሻ በሽታ ነው ልበል? ይቅር፣ አልልም።

ላቫጆ ስትሄዱ መኪናውን ማንሻው ላይ ራሳችሁ አውጡት፣ ራሳችሁ አውርዱት። «ግድ የለም ጋሼ፣ ቁልፉን ተዉልንና ሻይ ጠጡ» ሲሏችሁ ፈገግ ብላችሁ «ሻይውን እዚሁ አምጡልኝ» በሉ። የግድ ቁልፍ መተው ካለባችሁ፣ የሚያንቀሳቅሰው ሰው መንጃ ፈቃዱን ያሳያችሁ። ይሄ ስድብ አይደለም። እናንተም ተቀጥራችሁ ስትሄዱ ዲፕሎማችሁን አሳይታችኋል።

ሩብ ሰዓት ቆሞ ማየት

አንድ ላቫጆ ጥሩ ይሁን መጥፎ ለማወቅ ሌላ ሰው ሲታጠብለት ሩብ ሰዓት ቆሞ ማየት ይበቃል። እኔ የማየው ጨርቁን ነው። በአንድ ጨርቅ ጎማውን ጠርጎ በዚያው ኮፈኑን የሚጠርግ ቤት ከሆነ ዞር በሉ። ጎማ ላይ ያለው አሸዋ ነው፤ አሸዋውን በሳሙና አርሶ ቀለም ላይ መፈተግ ማለት ደግሞ ቀለሙን በአሸዋ ወረቀት ማሸት ማለት ነው። ፀሐይ ላይ ስትቆሙ ኮፈናችሁ ላይ እንደ ሸረሪት ድር የሚታየው ክብ ክብ ጭረት ከየት የመጣ መሰላችሁ? ደግ አጣቢ መጀመሪያ በውሃ ብቻ ጭቃውን ያወርዳል፤ ከዚያ ከጣሪያው ጀምሮ ወደ ታች ይመጣል፤ ጎማው መጨረሻ ነው፣ ጨርቁም ሌላ ነው። ስፖንጁ መሬት ከወደቀ ሳያጥበው አይመልሰውም።

ሳሙናውም ይታያል። የልብስ ዱቄት ሳሙና ቅባት የሚያስለቅቅ ነውና የቀለሙን ወዝ አብሮ ይወስዳል። ለአንድ ቀን ያምራል፤ በዓመቱ መኪናው እንደ አሮጌ ሳፋ ይፈዛል። ፈሳሽ የመኪና ሻምፖ የሚጠቀሙ ቤቶች ትንሽ ያስከፍሉ ይሆናል፤ ቀለም ከማስቀባት ግን ይረክሳል።

አንዳንድ ቤት ደግሞ ቻሲውን «እንዲያብረቀርቅ» ብለው ናፍጣ ይረጩታል። እምቢ በሉ! ሲያዩት ጥቁር ሆኖ ያምራል እንጂ ናፍጣ የጎማ ዕቃዎችን፣ ጎሚኒዎችን ያበላሻል፤ ቅባቱ ደግሞ የነገውን አቧራ ሁሉ ይሰበስባል። ግራሶውንም ቢሆን መካኒካችሁን ጠይቃችሁ አስደርጉ፤ ለጭነት መኪና ግድ ነው፣ ብዙዎቹ የዛሬ አውቶሞቢሎች ግን ግራሶ መውሰጃ የላቸውም። የሌለውን ነገር ግራሶ አድርገው የሚያስከፍሉም አይጠፉ!

ሞተር እጥበት የሚባለውን እኔ ብዙ አልወድም። ከረጅም መንገድ የገባ የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መልቀቅ ብረቱን ማስደንገጥ ነው። በዚያ ላይ የዛሬ መኪና ከሞተሩ ክፍል ውስጥ ያለው ሽቦና ሶኬት ስፍር ቁጥር የለውም። ውሃ ገብቶበት «ጧት አልነሳ አለኝ» የሚል ሰው ሞልቷል። የግድ ከሆነ ይቀዝቅዝ፣ ዲናሞውና የኤሌክትሪክ ዕቃው በላስቲክ ይሸፈን፣ በግፊት ውሃ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። የግፊት ውሃው ላዩ ላይም ቢሆን አፍንጫው በጣም ከተጠጋ የተነሳ ቀለም ይገነጥላል።

ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ስለተከለከለ የኤሌክትሪክ መኪና የገዙ ጎረቤቶቻችን በዝተዋል። ለእነሱ አንድ ቃል፦ ቻርጅ ላይ እያለ አይታጠብም። ብርቱካናማ ቀለም ያለው ወፍራም ገመድ ወደሚታይበትም የግፊት ውሃ አታስጠጉ። ባትሪው የታሸገ ነው፤ ቢሆንም «ሞተር እንጠብልህ?» ሲሏችሁ እየሳቃችሁ እለፉት።

ከታጠበ በኋላ ሰው ሁሉ የሚረሳው ነገር ፍሬን ነው። ውሃ የጠጣ ፍሬን ወዲያው አይዝም። ከላቫጆ ስትወጡ ቀስ ብላችሁ እየነዳችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ ለስለስ አድርጋችሁ ርገጡት፤ ይደርቃል። ታጥባ ስታበራ ደስ ብሏችሁ ቁልቁለት ላይ ነዳጅ የምትሰጡ ሰዎች፣ ነግሬያችኋለሁ!

ከዳሽቦርዱ የወጣው ስልክ ቁጥር

የኅትመቱን ዝግጅት ስንጀምር አንዲት እኅታችን የነገረችን ደግሞ ሌላ ነው። መኪናዋን ላቫጆ ትታ ፀጉር ቤት ሄደች። መኪናዋ ፅድት ብላ ጠበቀቻት፤ ከፈለች፣ ጉርሻም ሰጠች። ማታ ላይ ስልክ ተደወለ። «ቆንጆ፣ መኪናሽ ተመቸሽ?» ቁጥሯን ለማንም አልሰጠችም። ለካስ የሥራ ካርዷ ከዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ነበር! ሰውየው ሦስት ሳምንት ሙሉ አላስቆም አላስቀምጥ አላት። ስሟን ያውቃል፣ የምትሠራበትን ያውቃል። ሊብሬውም እዚያው ኪስ ውስጥ ስለነበር አድራሻዋንም እንደሚያውቅ ጠረጠረች። ለወር ያህል ደረጃውን የምትወጣው ዞር ብላ እያየች ነበር።

ሊብሬ መኪና ውስጥ ትቶ ለማያውቁት ሰው ቁልፍ መስጠት ቤትን ከነካርታው እንደ መስጠት ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ኪሱን አራግፉ። ሊብሬ፣ የባንክ ወረቀት፣ የሥራ ካርድ፣ የፍቅር ደብዳቤ… ሁሉንም። አጣቢዎቹ ሁሉ ሌባ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ ብዙዎቹ ከወንበር ስር የወደቀ ብር አግኝተው «ጋሼ፣ ይቺ ያንተ ናት» የሚሉ ናቸው። ፈተናውን ግን እኛ ራሳችን ባናዘጋጅላቸው ይሻላል።

ወንዙስ?

መቱ ያላችሁ አንባብያን «እኛ ሶር አለልን፣ ላቫጆ ምን ያደርግልናል» ሳትሉ አትቀሩም። በየክፍለ ሀገሩ መኪናን ወንዝ ውስጥ እስከ ጎማዋ አስገብቶ ማጠብ የቆየ ልማድ ነው፤ ልጅ ሆነን ያላደረገ የለም። ግን መኪና ከጭቃ ጋር ዘይትም ግራሶም ናፍጣም ነው የሚያራግፈው። ሶር ወደ ጌባ፣ ጌባ ወደ ባሮ ይሄዳል። ከናንተ ታች ቀድቶ የሚጠጣ ሰው አለ፣ ከብት የሚያጠጣ እረኛ አለ። አዲስ አበባማ ቀበናንና አቃቂን እንዲህ አድርጋ ነው የጨረሰቻቸው። ላቫጆ ስትመርጡም ቆሻሻ ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ዓይናችሁን ጣል አድርጉ። ጉድጓድና ማጣሪያ ያለው ቤት አለ፤ በቀጥታ ወደ ቦይ የሚለቅም አለ። ሲሄድ ያያችሁት ጥቁር ውሃ በክረምት ጎርፍ ሆኖ የአንድ ሰው ደጃፍ ይደርሳል።

እንግዲህ ወደ ባለታሪካችን እንመለስ። ነገሩ በሽምግልና ነው ያለቀው። እማማ «ልጆቹን ልታሰር ነው እንዴ የተሰበርኩት?» ብለው እምቢ አሉ። የሕክምናውን ወጪ ሁሉ፣ ጉልታቸው ለታጠፈበትም ጊዜ በየወሩ ሊከፍል ባለታሪካችን ተስማማ። የቪትዟ ብድር አልቀረለት፣ የቤት ኪራዩ አልቀረለት። ያን ዓመት ለገና ዳሪሙ አልወረደም። እናቱ «ምነው ልጄ፣ ምን ሆንክ?» ሲሉት «ሥራ በዛብኝ» አለ። ያ ሁሉ ማር ደግሞ ወደ እማማ ቤት ሄደ።

ልጁስ? በአሥራ አንደኛው ቀን ማታ ተመለሰ። የት እንደሰነበተ አልተናገረም። እማማ በር ላይ ተንበርክኮ አለቀሰ። ባለታሪካችን መጀመሪያ ሊመታው እንደነበር አልደበቀንም። «ግን ቁልፉን የወረወርኩት እኔ ነኝ እኮ» አለን፣ ጣቶቹን እያየ።

ልጁ አሁንም ግቢው ውስጥ መኪና ያጥባል፤ በባልዲ፣ መኪናዋ ካለችበት። ለመንጃ ፈቃድ ትምህርት እያጠራቀመ ነው ይባላል። እማማ በዱላ እየተደገፉ ወደ ጥጋቸው ተመልሰዋል፤ ጉልታቸውን ግን ሁለት ሜትር ያህል ወደ ግድግዳው አስጠግተዋል። ቅዳሜ ጧት ባለታሪካችን ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ሦስቱን ፎቅ ይወርዳል፤ ባልዲ ገልብጦ አጠገባቸው ይቀመጥና ቪትዟ እስክትታጠብ ሽንኩርት ይመርጥላቸዋል። እማማ አንዳንዴ ይቀልዱበታል።

«አንተ ልጅ፣ ዛሬስ ቁልፏ የት ናት?»

«ኪሴ ውስጥ ናት እማማ።»

«እስቲ አሳየኝ!»

አውጥቶ ያሳያቸዋል።